ስለ ፈሪሳውያንና ስለ ሕጉ ሲነገር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

«ፈሪሳዊ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ስድብ ከሆነ ቆይቷል። ከዚህም የተነሣ፣ ፈሪሳውያን የእግዚአብሔርን ሕግ በእርግጥ ይጠብቁ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙዎች ወንጌሉን ሳይገልጡ «አይጠብቁም ነበር» ብለው ይደመድማሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 23 ቁጥር 23 ጌታችን የወቀሳቸው ከአዝሙድ፣ ከእንስላልና ከከሙን ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለተዉ ነው። ዘዳግም 14 ከእርሻ ፍሬ ዐሥራት እንዲወጣ ያዝዛል፤ እነርሱ ደግሞ የምግብ ማጣፈጫውን ቅጠልና ፍሬ ሳይቀር ከዐሥር አንድ እየቆጠሩ ይለዩ ነበር። አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለው የዚያኑ ቁጥር መጨረሻ ነው፤ «ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር» አላቸው እንጂ ዐሥራቱን ተዉት አላላቸውም።

ሁለተኛው ስህተት የሙሴን ሕግና «የሽማግሌዎች ወግ» የተባለውን፣ ማለትም ከአባቶች ሲወርድ የመጣውን ልማድ፣ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ዘጸአት 30 ወደ መገናኛው ድንኳን ሲገቡ እጅና እግራቸውን እንዲታጠቡ ያዘዘው አሮንንና ልጆቹን ነው፤ ፈሪሳውያን ግን እጅ መታጠብን በየቤቱ ማዕድ ላይ አዋሉት። በማርቆስ 7 ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። በዚያው ምዕራፍ «ቍርባን» የሚለው ቃል የእኛን አንባቢ በተለይ ያሳስታል፤ ቃሉን ስንሰማ ሥጋ ወደሙ ትዝ ይለናልና። እዚያ ግን ለእግዚአብሔር የተሳለ መባ ማለት ነው። ሰውየው ወላጆቹን ሊጦርበት የሚገባውን ገንዘብ «ቍርባን ነው» ካለ በኋላ፣ ስእለቱ አስሮት አባትና እናቱን እንዳይረዳ ይደረግ ነበር። ስእለትን መፈጸም ራሱ በዘኍልቍ 30 የታዘዘ ስለሆነ፣ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ነገር፣ አንዱ ትእዛዝ ሌላውን ለመሻር መዋሉ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ በእርግጥ ፈርሷል።

ሦስተኛው ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በሄሮድስ ዘመን ቁጥራቸው ከ6,000 በላይ እንደነበረ ጽፏል፤ ያን ያህል ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ልብ አይኖረውም። ፈሪሳዊው የሕግ መምህር ገማልያል ሐዋርያት እንዳይገደሉ ተከራክሯል። ኒቆዲሞስም፣ ያው ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ እሑድ በስሙ የሰየመችለት፣ ጌታን ሊያስይዙ በፈለጉት የገዛ ወገኖቹ ፊት፣ ሕጋችን ሰውየውን ሳይሰማና ያደረገውን ሳያውቅ ይፈርዳልን ብሎ ጠይቋል። በዚያ ጉባኤ ሕጉ ይጠበቅ ያለው አንድ ፈሪሳዊ ነበር።

የመጨረሻው የጳውሎስን ቃል ቆርጦ መውሰድ ነው። በፊልጵስዩስ 3 በሕግ ስለሚገኝ ጽድቅ ነቀፋ እንዳልነበረበት ይናገራል፤ ይህን ይዞ ፈሪሳውያን ኃጢአት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም፣ ምክንያቱም በሮሜ 7 «አትመኝ» የሚለው ትእዛዝ ኃጢአትን እንዳሳወቀው ይመሰክራል። ሰው የሚያየው ሥራ ያለ ነቀፋ ሆኖ ሳለ ምኞት በልብ ሊኖር ይችላል። ጳውሎስ ግን በወገኑ አላፈረም፤ በደማስቆ መንገድ ከተጠራ ከብዙ ዓመታት በኋላ በኢየሩሳሌም ሸንጎ ፊት ቆሞ «እኔ ፈሪሳዊና የፈሪሳዊ ልጅ ነኝ» አለ፤ «ነበርሁ» አላለም።