መላጣዋ የእርግብ ጫጩት በሽተኛ አልነበረችም
ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር እርግብ አረባለሁ። ወላጆቹ ሁለቱም ደማቅ ግራጫ ናቸው። በ18ኛው ቀን ሁለት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። አንዱ ረጅም ቢጫ ጸጉር ለብሷል። ሌላኛዋ ግን መላጣ ናት ማለት ይቻላል፤ ሮዝ ቆዳዋ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

በሽታ መሰለኝና ውሃቸው ላይ ቪታሚን ጨመርኩ። ለውጥ የለም። በርዷት ይሆናል ብዬ አምፖል አበራሁላት። በድሬ ሙቀት! አፏን ከፍታ ማለክለክ ስትጀምር ቶሎ አጠፋሁት።

በአምስተኛው ቀን ሁለቱንም መዳፌ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት እንደ ሌላኛው ጢም ብሏል። ተዉኳትና ላባዋን ጠበቅኩ። ሲወጣ ፈዛዛ ግራጫ ሆነ። ለካ ቀለሙን የሚያደበዝዘው ከወላጅ የሚወረስ ጂን (ዘረመል) የጫጩቷንም ጸጉር ያሳጥራል። ወላጆቹ ሁለቱም ደማቅ ከሆኑ ደግሞ እንዲህ ያለችው ጫጩት ሴት ናት።