ዲጂታል ሴንሰር በፊልም ካሜራ ሆድ ውስጥ፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ ኤም42 (ተጠምዝዞ የሚገባ) ሌንስ የሚቀበል አሮጌ የፊልም ካሜራ ከፍተው፣ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ የራስበሪ ፓይን ኤችኪው ካሜራ (ሶኒ አይኤምኤክስ477 ሴንሰር፣ 12.3 ሜጋፒክስል) ለሚገጥሙና በፓይ ዜሮ 2 ደብሊው (በትንሽ ኮምፒውተር) ለሚያንቀሳቅሱ ነው። ሌላ ሴንሰር ለያዘም አብዛኛው ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ።

በመመልከቻው ጥርት ያለው ፎቶው ላይ ደብዛዛ ነው

ሴንሰሩ ፊልሙ ከነበረበት ልክ ላይ አልተቀመጠም። በኤም42 ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ነው። ሌንሱ ኤፍ2 ላይ (በሰፊው) ሲከፈት ይህ ሴንሰር የሚታገሰው ስህተት 0.012 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በካሊፐር ለክቶ በሙጫ መለጠፍ አያዋጣም። ሴንሰሩን በሦስት ኤም2 (2 ሚሊሜትር) ብሎኖች ይግጠሙት፤ በየብሎኑ ሥር ስፕሪንግ ይግባ። ሌንሱን ማለቂያ የለሽ ርቀት ላይ አድርገው ሩቅ ያለ አንቴና ወይም ምሰሶ በሴንሰሩ ምስል ላይ እያዩ ሦስቱንም እኩል ያዙሩ። የኤም2 ብሎን ሙሉ ዙር 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገው የዙሩ 1/30ኛ ያህል ብቻ ነው። መሃሉ ከጠራ በኋላ ማዕዘኖቹን ይመልከቱ፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሴንሰሩ ዘሟል።

ጥቁር ልብስ ሐምራዊ ይመስላል

የሴንሰሩን የሌንስ ቤት ሲነቅሉ የኢንፍራሬድ ማጣሪያው አብሮ ወጥቷል። ማጣሪያ መልሰው ከሴንሰሩ ፊት ያድርጉ። ከዚያ ከላይ ያለውን የትኩረት ሥራ እንደገና ይጀምሩ፤ 1 ሚሊሜትር መስታወት ትኩረቱን 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይገፋዋልና። ማጣሪያውን መጀመሪያ መግጠም ይህን ድካም ያስቀራል።

50 ሚሊሜትሩ ሌንስ እንደ ሩቅ ማሳያ መነጽር አቀረበ

ብልሽት አይደለም። የሴንሰሩ ሰያፍ 7.9፣ የፊልሙ 43.3 ሚሊሜትር ነው፤ 5.5 እጥፍ ስለሚያጠብ 50ው እንደ 275 ይሆናል። መመልከቻው ግን አሁንም የፊልሙን ሙሉ ስፋት ያሳያል። በትኩረት መስታወቱ መሃል 6.3 በ4.7 ሚሊሜትር ክፈፍ ይሳሉ። ሰፊ እይታ የፈለገ በዚህ የካሜራ አካል ባይደክም ይሻላል፤ መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ የካሜራ አካልና 6 ሚሊሜትር የሲኤስ (የትንንሽ ካሜራ መግጠሚያ) ሌንስ ቢይዝ 33 ሚሊሜትር ያህል ያገኛል።

ግማሹ ፎቶ ጥቁር ነው

ሴንሰሩ ረድፍ በረድፍ ያነባል፤ የካሜራው መጋረጃ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ያልፋል። ሁለቱ አይገናኙም። ፍጥነቱን ቢ ላይ (ጣት እስካልተነሳ መጋረጃው ክፍት የሚቆይበት) አድርገው መጋረጃው እንዲከፍት ብቻ ይተዉት፤ የብርሃኑን ጊዜ ሴንሰሩ ይቁጠር። ለፓይ «አንሳ» የሚለውን ምልክት ከፍላሽ መገናኛው ይውሰዱ፤ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይህ መገናኛ ይገጥማልና። መገናኛው ሲገጥም በመነበብ ላይ የነበረው ፍሬም ከፊሉ ጨለማ ስለሆነ ይጣል፣ ቀጣዩ ይያዝ። በሙሉ መጠን ሴንሰሩ በሰከንድ 10 ፍሬም ስለሚሰጥ ጣት 300 ሚሊሰከንድ ያህል መቆየት አለበት፤ መመልከቻው አጠገብ ትንሽ ኤልኢዲ በርታ ብላ ትንገረው። መጋረጃውን አውጥቶ መገላገልም ይቻላል። እኛ አንመክርም፤ የፊልም መሳቢያው እጀታ የሚወጥረው ነገር ካጣ ባዶ መጫወቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኤፕሰን አርዲ1 የተባለ ዲጂታል ካሜራ ፊልም ባይኖረውም እጀታው እውነተኛ መጋረጃ ይወጥር ነበር።

ጥንቃቄ፦ ይህን ሽቦ ከፍላሽ ጫማው (ፍላሽ ከሚሰካበት ቦታ) ይለዩት። አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች መገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ አላቸው፤ የፓይ እግር (ፒን) 3.3 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው።

በቤት መብራት አግድም መስመሮች ይታያሉ

የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ይጠቀሙ።

«ፊልም» ሳይሆን የስልክ ፊልተር ይመስላል

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ነው።

ሰማዩ ወይም መስኮቱ ድንገት ነጭ ከሆነ፣ ኔጋቲቭ ፊልም ድምቀትን ቀስ እያለ እንደሚያጥፍ፣ ሴንሰር ግን ሲሞላ እንደሚቆርጥ ያስታውሱ። አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ) አሳንሰው ያንሱና ጥላውን በከርቭ (የቃና ማስተካከያ መስመር) ያንሡት፤ የከርቩ ጫፍ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ ትከሻ ይኑረው።

በአምፖል ዙሪያ የሚታየው ቀይ ጭጋግ የሚመጣው ብርሃን ፊልሙን አልፎ ከጀርባው ተንጸባርቆ፣ ታች ያለውን ቀይ ተቀባይ ንብርብር መጀመሪያ ስለሚያገኝ ነው። ጭጋጉ ግራጫ ከሆነብዎ ከከርቩ በኋላ ነው የጨመሩት። ባልተነካው ጥሬ ዳታ ላይ ብሩህ ቦታዎቹን ለይተው በ20 ፒክስል ያህል ያደብዝዙ፤ ከውጤቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ወደ ቀዩ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ ወደ አረንጓዴው ይጨምሩ። ሰማያዊውን አይንኩት።

ግሬን (የፊልም ነጠብጣብ) የመጨረሻ ነው። የፎቶው መጠን ከመቀነሱ በፊት ከተጨመረ ይጠፋል። በቀለም ሳይሆን በብርሃን ንብርብር ብቻ ይግባ፤ 1.5 ፒክስል ያህል ይደብዝዝ፤ መካከለኛ ቃና ላይ ይበርታ፣ ፍጹም ጥቁርና ነጭ ላይ ይሳሳ። ለየፎቶው አዲስ ይፈጠር፤ አለዚያ ሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ያለ ይመስላል።

የአንድ «ጥቅል» 36 ፎቶዎች ቀለም አይመሳሰልም

አውቶማቲክ ዋይት ባላንስ (የቀለም ማመጣጠኛ) እና አይኤስኦ (የብርሃን ንቃት) አልጠፉም። የቀን ፊልም ለ5500 ኬልቪን የተሠራ ነው፤ ሁለቱንም ጥቅሉ እስኪያልቅ ይቆልፉ። አምፖል ሥር ፎቶው ቢጫ ቢሆን ይሁን።

ከጥቂት ፎቶ በኋላ ይደርቃል

ማኅደረ ትውስታው 512 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ሙሉ ፎቶ በ32 ቢት ሲዘረጋ ብቻውን 148 ሜጋባይት ይበላል። ሁለት ቅጂ ሲያዝ ቦታው አለቀ። ጥሬውን ፋይል ብቻ ያስቀምጡና «እጥበቱ» (የፊልም መልክ መስጠቱ) ጥቅሉ ሲያልቅ፣ ፎቶውን በቁራጭ በቁራጭ እየወሰደ ይሥራ። ውጤቱን መጠበቁም የፊልም ወግ ነው። ፎቶ ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ቮልቱን ይለኩ፤ ሌሎች ፓይዎች ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርዱ ያስጠነቅቃሉ፣ ዜሮዎቹ ግን አያስጠነቅቁም፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቀጭን ሽቦ ነው።

እጀታው አንዴ ተስቦ ሁለት ይቆጥራል

እጀታው ሲሳብ የሚጫነው ትንሽ ማብሪያ (ማይክሮስዊች) ሲገናኝ ይንቀጠቀጣል። ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ 30 ሚሊሰከንድ ያለውን ችላ ይበሉ። ይህም ካልበቃው ስዊቹን ወደ እጀታው መንገድ ማብቂያ ያስጠጉት፤ በግማሽ ተስቦ የተመለሰ እጀታ መቆጠር የለበትም።