የቻይንኛ ፊደላትን ከድምፃቸው ጋር እንዴት ማጥናት ይቻላል

ቻይንኛ ለሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ፊደሉ ሥዕል ስለሆነ በዓይንዎ ይያዙት» የሚል ነው። ይህን ምክር አይቀበሉ። ከአምስት ፊደላት አራቱ ያህል በሁለት ክፍል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ትርጉሙን ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን። ልምድ ያለው ቻይናዊ በዝምታ ሲያነብ እንኳ የፊደሉ ድምፅ በአንጎሉ ውስጥ ይቀሰቀሳል።

መጀመሪያ ቻይና በ1958 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችውን ፒንዪን የተባለ የላቲን አጻጻፍና አራቱን የድምፅ ቃናዎች ይልመዱ። «ማ» ከፍ ባለ እኩል ቃና እናት፣ ዝቅ ባለው ደግሞ ፈረስ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉን ለሁለት ይክፈሉት። ትርጉም ጠቋሚው በአብዛኛው በግራ ይቀመጣል። «እናት» የሚለው ፊደል በግራው ሴት፣ በቀኙ ፈረስ አለው፤ ፈረሱ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ፊደላትን በድምፅ ቤተሰብ መሰብሰብ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያውሉ። በእኛ ፊደል በ፣ ቡ፣ ቢ ስንል መልኩ በጥቂቱ ሲለወጥ አናባቢው ይለወጣል። በቻይንኛ ግን ጎኑ ሲለወጥ የሚለወጠው ትርጉሙ ነው፤ ድምፁ ባለበት ወይም በቅርብ ይቆያል። «ቺንግ» የሚባለውን፣ የለምለም ቅጠልን ቀለም የሚገልጸውን ፊደል ይውሰዱ። ውኃ ሲጨመርበት «ጥርት ያለ»፣ ንግግር ሲጨመርበት «እባክዎ»፣ ልብ ሲጨመርበት «ስሜት»፣ ፀሐይ ሲጨመርበት «ብራ» ይሆናል። አራቱም «ቺንግ» ናቸው፤ ቃናቸው ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ዓይን ሲጨመርበት ግን «ጂንግ» ይባላል። እነዚህን በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ።

ይሁን እንጂ ድምፅ ጠቋሚውን እንደ ሕግ አይያዙት። «ጎንግ» የሚባለው ክፍል በ«ቀይ» ውስጥ «ሆንግ»፣ በ«ወንዝ» ውስጥ «ጂያንግ»፣ በ«ባዶ» ውስጥ «ኮንግ» ሆኗል። ፊደላቱ ከተፈጠሩ ሺህ ዓመታት ስላለፉ አነጋገሩ ከጽሕፈቱ ርቋል። አዲስ ፊደል ሲያጋጥምዎ ድምፁን ይገምቱ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ። ያልታረመ ግምት ከሰነበተ በኋላ መንቀል እጅግ ከባድ ነው።

ከዚያ በእጅ መጻፍ ይከተላል። በስልክ በፒንዪን መጻፍ ለመልእክት ይመቻል፤ ለጥናት ግን አልመክረውም፤ ፊደሉን የሚሠራልዎ ስልኩ ነውና። በላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው ድምፅን ቁራጭ በቁራጭ ሲገጣጥም በግራ የአንጎል ክፍል ከጆሮ በላይ ያለው አካባቢ ብዙ ይሠራል። ቻይንኛ አንባቢ ግን የፊደሉን ሙሉ ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ቅርጽን፣ ድምፅንና ትርጉምን በማስተባበር በግራው የፊት አንጎል መካከለኛ እጥፋት ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ቦታ እንቅስቃሴን ለሚያቅዱ ክፍሎች ቅርብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ በቤጂንግ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናትም የማንበብ ችሎታ ከመጻፍ ችሎታ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳይቷል። ስለዚህ እየጻፉ ድምፁን ይጥሩ፤ እጅና ጆሮ አብረው ይሥሩ።

በንባብ ጊዜ ከፊደሉ በላይ የሚታየውን ፒንዪን ይሸፍኑት፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ቀላሉ ይሸሻል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት እጅግ ብዙ ስለሆኑም ነጠላ ፊደል ብቻ አይሸምድዱ፤ ከሚገኝበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ጋር አብረው ይያዙት።