የትምህርት ቤቱን የዓመት ድራማ ሳንዋረድ ለማውጣት
የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ከሆነ ልምምድ መጋቢት ላይ ጀምሩ፣ ግንቦት ላይ ፈተና ምናምን እያለ ማንም አይመጣም። እኛ አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ነን፣ አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ሲወርድ የተዋናዩ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም፣ ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሳዩ። ያለችውን አንድ የሚኒሚዲያ ማይክ ደግሞ እየተቀባበላችሁ አትያዙ፣ ሊሞት የሚያጣጥር ሽማግሌ ማይክ ሲያቀብል ሰው ሁሉ ነው የሚስቀው፣ አይተነዋል 😂 ይልቅ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጣችሁ ልጆቹን ስሟቸው፣ ካልተሰማ ድጋሚ። ሽበት በዱቄት ይሰራል ግን ትንሽ፣ ሲያስነጥስ ይበናል። ጋቢና ነጠላ ከቤት ሲመጣ ስም ለጥፉበት፣ አለበለዚያ ከእናቶች ጋር ትጣላላችሁ። ከመጋረጃ ጀርባ ስክሪፕት ይዞ ሹክ የሚል ልጅም አይጥፋ። ከቻላችሁ ብር አዋጡና ለገሃር አካባቢ ብሔራዊ ቴአትር አንዴ ሂዱ፣ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ልጆቹ ተዋናይ ሳይናገር እንዴት እንደሚቆም ያያሉ፣ የኛዎቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ነው ድራማው የሚያልቀው።