በማጣበቂያ ናሙናዎች ውስጥ የታየው ቀዳዳ ከየት መጣ?

ሰበታ አካባቢ በሚገኘው የፍተሻ ክፍላችን፣ ለአውሮፕላን አካል ጥገና የሚያገለግል የኢፖክሲ ፊልም ማጣበቂያ (በስስ ንጣፍ መልክ የተሠራ፣ በሙቀት የሚጠነክር ሙጫ) በሸር ሙከራ፣ ማለትም የተጣበቁትን ቁራጮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስቦ በማላቀቅ፣ ሲመረመር ውጤቱ በተደጋጋሚ ከመስፈርቱ በታች ይሆን ነበር። ናሙናዎቹ 25.4 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸውና በ12.7 ሚሊሜትር የተደራረቡ የአሉሚኒየም ቁራጮች ናቸው።

በቅድሚያ የተጠረጠረው የአሉሚኒየሙ ገጽ ዝግጅት ነበር፤ በዚህ ሙያ ጥፋት ሁሉ ቀድሞ የሚላከከው በእርሱ ነው። ሆኖም የተጣራ ውሃ ስናፈስበት ሳይቆራረጥ ተዘርግቶ ቆየ፣ ይህም ገጹ ንጹሕ መሆኑን ያሳያል፤ ናሙናው ከተሰበረ በኋላም ማጣበቂያው በሁለቱም ገጾች ላይ ቀርቶ ስለታየ፣ ድክመቱ ያለው በመገናኛው ላይ ሳይሆን በማጣበቂያው ውስጥ እንደሆነ ግልጽ ሆነ። በአጉሊ መነጽር ሲታይማ የተሰበረው ገጽ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ ተሞልቷል።

ምክንያቱ ከፍታው ነበር። ናሙናዎቹን በቫኪዩም ከረጢት (አየሩ በፓምፕ በሚወጣለት ከረጢት) ውስጥ በሙቀት ስናጠነክር የሚጫናቸው የከባቢ አየር ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ቢሆንም እዚህ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ77 ብዙም አያልፍም። ፓምፑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከዚያ በላይ ሊሰጥ ስለማይችል፣ ፊልሙ የያዘው እርጥበት ሲሞቅ የሚፈጥረው አረፋ ሳይታፈን ቀረ።

ስለዚህ ከረጢቱን ትተን አምራቹ በሚፈቅደው ግፊት በሚሞቅ ፕሬስ ሠራን፤ ፊልሙም ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ የማሸጊያው ላብ እስኪደርቅ እንዳይከፈት፣ በተለይ በክረምት፣ ቁጥጥሩን አጠበቅን። ቀዳዳዎቹ ጠፉ፤ ጥንካሬውም ከመስፈርቱ በላይ ሆነ።

ይህ ግን የሚያረጋግጠው የማጣበቂያውን ጥራት ብቻ ነው፤ በአውሮፕላኑ ላይ በከረጢት ለሚከናወን ጥገና፣ በዚሁ ከፍታ በከረጢት የተሠራ ሌላ ናሙና ለብቻው ተሰብሮ መታየት ይኖርበታል።