ለረጅምና ጠባብ አኳሪየም የሚሆን ዓሣ እንዴት ይመረጣል?

ሻጩ «ስንት ሊትር ይይዛል?» ብሎ ይጠይቅና በዚያው የዓሣውን ቁጥር ይነግራችኋል። ለተራው አራት ማዕዘን ሳጥን ይህ ብዙ አይጎዳም። አኳሪየሙ ስድስት ማዕዘን፣ እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ወይም እንደ ኳስ ክብ ከሆነ ግን ሊትሩ ያሳስታል። ኦክስጅን ውኃው ውስጥ የሚገባው በላይኛው ገጽ ነው፤ አብዛኛው ዓሣም የሚዋኘው ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት የውኃውን ገጽ ስፋትና ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርዝመት ለኩ።

ስድስት ማዕዘን ከሆነ የአንዱን ጎን ርዝመት በራሱ አባዙና ውጤቱን በ2.6 አባዙት። ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ገጹ 1,040 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለቱቦ ደግሞ የስፋቱን ግማሽ በራሱ፣ ከዚያም በ3.14 አባዙ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው 707 ይመጣል። ይህ ቱቦ ቁመቱ 45 ከሆነ 32 ሊትር ገደማ ይይዛል። ያንኑ 32 ሊትር 60 በ30 የሆነ ሳጥን ውስጥ ብትገለብጡት 18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ ይኖረዋል፤ ገጹ ግን 1,800 ነው። ውኃው ያው ሆኖ መተንፈሻው ከእጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው።

በዓሣ አርቢዎች ዘንድ የቆየው ልማድ ለትንንሽና ቀጫጭን የሞቃት ውኃ ዓሦች፣ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ርዝመት 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገጽ መስጠት ነው። የሚቆጠረው ዓሣው አድጎ የሚደርስበት ርዝመት ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያለው አይደለም፤ ጅራቱም አይገባም። በዚህ ስሌት ስድስት ማዕዘኑ በድምሩ 34 ሳንቲ ሜትር፣ ቱቦው 23 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከዚህ ሩቡን ቀንሱ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ የሳሳ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ከ6 እምብዛም አያልፍም። ስድስት ማዕዘኑ 26፣ ቱቦው 17 ቀረ። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ ለከፍታ የምትቀንሱት የለም፤ የእናንተ ጣጣ የበጋው ሙቀት ነው፣ ውኃ በሞቀ ቁጥር ኦክስጅኑን ይለቃል።

ክብ ብርጭቆ እስከ አፉ መሞላት የለበትም። ወገቡ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኳስ እስከ ወገቡ ሲሞላ 707 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገጽ አለው፤ 16 ሳንቲ ሜትር እስከሚሰፋው አንገቱ ሲሞላ ግን ወደ 200 ይወርዳል። እስከ ወገቡ ብቻ ከሞላችሁት ደግሞ ውኃው 7 ሊትር ነው። 7 ሊትር ውስጥ ዓሣ አይኖርም፤ ይሰነብታል እንጂ። የውኃ ተክልና አንድ ሁለት ቀንድ አውጣ አስገቡበት፣ ያምራል።

አሁን ወደ ዓሦቹ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በኤንጀል ፊሽ ነው። ቁመታም ስለሆነ ለቁመታም አኳሪየም የተሠራ ይመስላል፤ ሲያድግ ግን አካሉ ብቻ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ 30 ሊትር ገደማ በሚይዝ ጠባብ አኳሪየም ውስጥ መዞሪያም አያገኝ። ጎልድ ፊሽ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ዜብራ ዳኒዮ ትንሽ ቢሆንም ሯጭ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ቀጥታ ካላገኘ እርስ በርስ መነካከስ ይጀምራል። ኮሪዶራስ ወለል ላይ የሚኖር፣ አልፎ አልፎም አየር ሊጎርስ ወደ ላይ የሚወነጨፍ ዓሣ ስለሆነ ወለሉ ጠባብ፣ ጉዞውም ረጅም ይሆንበታል። «ብርጭቆ ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮ ከ30 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከሐይቅ የተያዘ የቆሮሶ ወይም የአምባዛ ጫጩት ማስገባትማ አይታሰብም።

ለ20 ሳንቲ ሜትር ጎን ስድስት ማዕዘን የመጀመሪያው ምርጫችን ሰባት ወንድ ጋፒ ነው። አንዱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ድምሩ 24.5 ነው። ወንድ ብቻ ያልነው በምክንያት ነው፦ ሴቷ በየአራት ሳምንቱ ገደማ 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች፤ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምትይዝ ብቻዋን የተገዛችውም ትወልዳለች። ወንዱን በደማቅ ቀለሙና በትልቁ ጅራቱ ትለዩታላችሁ። ጋፒ ማዕድን ያለበት ውኃ ይወዳል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውኃ ከአቃቂ ጉድጓድ ከሚወጣው ጋር አንድ ስላልሆነ የሰፈራችሁን ለማወቅ የውኃ ማፍያችሁን ውስጡን እዩ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ለጋፒ ጥሩ ነው።

ማሞቂያ መግዛት ካልፈለጋችሁ ዋይት ክላውድ የተባለውን የደቡብ ቻይና ዓሣ ፈልጉ። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ የአዲስ አበባ ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ስድስቱ ይበቃሉ፤ ከስድስት በታች ከሆኑ ግን ፈርተው ተክል ሥር ይደበቃሉ።

ለቱቦው አንድ ወንድ ቤታ፣ ብቻውን። ቤታ እንደ አምባዛ ከላይ አየር ይጎርሳል፣ ስለዚህ የገጹ ጥበት ብዙ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ጥልቀቱ ነው፤ ረጅም ክንፉን እየጎተተ 45 ሳንቲ ሜትር መውጣት ያደክመዋል። ውኃውን 25 ሳንቲ ሜትር ላይ አቁሙ፤ ከገጹ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚያርፍበት ሰፊ ቅጠል አስቀምጡለት። ይዘላልና ክዳን ያስፈልጋል፤ በክዳኑና በውኃው መካከል ግን አየር ይኑር። ጋፒ አጠገቡ አታስገቡ፣ ቤታው የጋፒውን ጅራት ይቦጫጭቃል።

ረጅም አኳሪየም ውስጥ የታችኛው ውኃ ተኝቶ ይቀራል። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ታች ጠጠሩ ላይ ቢቀመጥ አረፋው ውኃውን ከሥር ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ላይ የሚንጠለጠለው ማጣሪያ ይህን በደንብ አይሠራም። ለ30 ሊትር ገደማ 50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል፤ እሱንም ከታች፣ ከአረፋው አጠገብ፣ ለጋፒ 24፣ ለቤታ 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ፓምፑን ከውኃው ገጽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ወይም የአየር ቱቦው ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ግጠሙ። ያለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ውኃው በቱቦው ተመልሶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። መብራት ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠፋ አኳሪየሙን በጋቢ ጠቅልሉ፣ ምግብ አትስጡ፤ በየግማሽ ሰዓቱም ከውስጡ በኩባያ እየቀዳችሁ ከስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ።

ዓሣው በመጨረሻ ይገዛል። የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በክፍት ባልዲ 24 ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ ሞልታችሁ ማጣሪያውን አስነሱ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። ምግቡ ሲበሰብስ ለዓሣ መርዝ የሆነው አሞኒያ ይወጣዋል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ይረዝማል። በመመርመሪያ ኪት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ግዙ። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ ያገለገለ ስፖንጁን ብትለምኑት ጊዜው በጣም ያጥራል።

ሱቅ ውስጥ የሞተ ዓሣ ካለበት ገንዳ ምንም አትግዙ። ክንፉን አጣብቆ የያዘ፣ ገላው ላይ እንደ ጨው ነጭ ነጥብ ያለበት ወይም ሆዱ የጎደለ ይቅርባችሁ። ሻጩ ምግብ ጣል ያድርግና ሲበላ እዩት። መጀመሪያ ግማሾቹን ውሰዱ፣ የቀሩትን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ፌስታሉን 15 ደቂቃ አንሳፍፉት፣ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የአኳሪየም ውኃ ጨምሩበት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ፤ የፌስታሉን ውኃ ድፉት።

ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል። በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ፣ ማለትም ከ32 ሊትር 8 ሊትር ገደማ፣ ከወለሉ በቱቦ ስባችሁ ተኩ፤ ጥልቅና ጠባብ ወለል ላይ ቆሻሻ ቶሎ ይከማቻል። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ስባችሁ ባወጣችሁት ውኃ ጨመቅ አድርጉት። ጠዋት ጋፒዎቹ ሁሉ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከከፈቱ ፓምፑን እዩ፤ እየሠራ ከሆነ አሞኒያውን ለኩ፣ ግማሹንም ውኃ በዚያው ሰዓት ተኩ፤ ለዚህም ክሎሪኑ የወጣለት አንድ ጀሪካን ውኃ ምንጊዜም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።