ስለ ጥቁሩ ሞት ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጥቁሩ ሞት ስለሚባለው የአውሮፓ ታላቅ ቸነፈር በአማርኛ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚበላሸው ዓመቱ ነው። ከጥቁር ባሕር የተነሡ የጄኖዋ መርከቦች በሽታውን ይዘው ሲሲሊ ውስጥ መሲና ወደብ የደረሱት በጥቅምት 1347 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ 1340 ዓ.ም. ይሆናል። «1347 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው ሰባት ዓመት ስቷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው።

«የአውሮፓን ሢሶ ፈጀ» ብሎ ማለፍም አያስተማምንም። ጉዳቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፍሎረንስ ግማሽ ያህል ሕዝቧን ስታጣ፣ ሚላን በመጀመሪያው ዙር ብዙም አልተነካችም።

በሽታውን አንዴ መጥቶ እንደሄደ አድርጎ መተረክ ደግሞ ውጤቱን ያስታል። በ1361 ተመልሶ መጣ፤ በእንግሊዝ ያን ጊዜ በተለይ ልጆችን ፈጀ። ከዚያም በኋላ ተመላለሰ። የሕዝቡ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ሳያንሰራራ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት «ሠራተኛ አነሰ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ ገባሩም ነፃ ወጣ» የሚለው ነው። ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። እንግሊዝን እንይ። ቸነፈሩ ገና ሳያባራ፣ በሰኔ 1349፣ ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ደመወዝ ከቸነፈሩ በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ አዘዘ። የ1351ዱ ሕግ ዝርዝሩን አወጣ፦ ድርቆሽ ለሚሰበስብ በቀን 1 ፔኒ (የእንግሊዝ የብር ሳንቲም)፣ ሣር ለሚያጭድ 5 ፔኒ፣ እህል አጫጅ በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት 2፣ በሁለተኛው 3 ፔኒ። ሰው የቸገራቸው ባለርስቶች ግን ሕጉን እየሸሹ በምሳና በእህል ይጨምሩ ነበር። ስለዚህ በሒሳብ መዝገብ ላይ የሠፈረውን ገንዘብ ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ ይሳሳታል። የገበያውን ዋጋ የሚረሳም እንዲሁ፦ እህል እስከ 1370ዎቹ አጋማሽ ውድ ስለነበር፣ የጨመረውን ደመወዝ ገበያው ይበላው ነበር። ሠራተኛው በእርግጥ የተሻለ መብላት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ያም ሆኖ በ1380 በነፍስ ወከፍ 12 ፔኒ ግብር ተጣለ፤ በሕጉ ተመን ለድርቆሽ ሰብሳቢ የ12 ቀን ድካም ማለት ነው። በ1381 የኬንትና የኤሴክስ ገበሬዎች የተነሡት በዚህ ግብር ላይ ነበር።

በዛሬዋ ስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ ደግሞ ባላባቶች የሰው እጥረቱን ምክንያት አድርገው ገባሩን ከመሬቱ ጋር ይበልጥ አሰሩት። ቀንበሩ የወረደለት ከረጅም አመፅ በኋላ፣ በ1486 ነው። ተመሳሳይ እልቂት ተቃራኒ ውጤት ካመጣ፣ መልሱ መፈለግ ያለበት በየአገሩ በነበረው ሥልጣንና ሕግ ውስጥ ነው።

በአይሁድ ላይ የደረሰውን ግፍ «ድንጋጤ የወለደው እብደት» ብሎ ማቅለል ያሳዝናል። ጉድጓድ መርዘው በሽታውን አመጡ ተብለው ተከሰው ነበር። በዛሬዋ ፈረንሳይ ባለችው በስትራስቡርግ ከተማ አይሁድ የተቃጠሉት የካቲት 14 ቀን 1349፣ በሽታው ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ነው። ይከላከልላቸው የነበረው የከተማው ምክር ቤት አስቀድሞ ከሥልጣን ወረደ፤ ከግድያው በኋላም ለአይሁድ የሚከፈለው ዕዳ ተሰረዘ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ስድስተኛ በ1348 አይሁድም በዚሁ በሽታ እየሞቱ መሆናቸውን ጠቅሰው ክሱን ውድቅ አድርገው ነበር።

ባለ ምንቃር ጭምብል የለበሰውን ሐኪም ሥዕል ከዚህ ዘመን ጋር አታያይዙት። የ17ኛው መቶ ዘመን ልብስ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሞትን ጠበቁ ማለትም ልክ አይደለም። ራጉሳ፣ የዛሬዋ የክሮኤሽያ ወደብ ዱብሮቭኒክ፣ በሽታው ካለበት አገር የመጣ ሰው ከተማ ከመግባቱ በፊት 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ በ1377 ደነገገች። ቆይታው በኋላ 40 ቀን ሆነ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም የመጣው አርባ ከሚለው የጣልያንኛ ቁጥር ነው።